ድመት ስታስመልስ ሁሉ «ጠጉር ነው» አይባልም



በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ከደሴ አንዲት እናት የጻፉልን ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ መልስ የሚያሻው ሆኖ አግኝተነዋል። በቤታቸው 3 ዓመት የኖረች ድመት አለቻቸው። ከ4 ቀን ወዲህ አንገቷን ወደፊት አስግጋ፣ ምራቋን እያዝረበረበች «ኧህ፣ ኧህ» ትላለች፤ የሚወጣ ነገር ግን የለም። ምግብም ቀንሳለች። ጎረቤት «ጠጉሯን ውጣ ነው፤ ዘይት አጠጧት» ይላሉ። አያትየው ደግሞ «ይህች ነገር ልጆቹን በሽታ ሳታስይዝ በጆንያ ከታችሁ ቦርከና ማዶ ጣሏት» ብለዋል። በዚህ መሐል የ9 ዓመት ልጃቸው የተሰነቀረውን ነገር አወጣለሁ ብሎ ጣቱን ከድመቷ አፍ ከትቶ ሲታገል ደረሱበት። እኚህ እናት የጠየቁን ሁለት ነገር ነው፤ ይህ በእርግጥ ጠጉር ነውን? ብንጥላትስ ወንጀል ይሆንብናልን?

እኛ ደብዳቤውን እንዳነበብን መጽሔቱ እስኪታተም አልጠበቅንም፤ በጻፉልን ስልክ ደወልን። የድመቷ ነገር ጥቂት ሊቆይ ይችል ይሆናል፤ የልጁ ጣት ግን የሚቆይ አልነበረም። ስለዚህ እዚህም ከልጁ እንጀምራለን።

የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትንም፣ አህያንም፣ ላምንም ይይዛል። በሽታው የያዘው እንስሳ የመንጋጋውና የጉሮሮው ጡንቻ ስለሚሰንፍ ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል፤ አፉ ይዝረከረካል፣ ድምፁ ይለወጣል። ላየው ሰው ሁሉ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስላል። ደግ ልብ ያለው ሰው፣ ይልቁንም ልጅ፣ ወዲያው እጁን የሚሰደው ያኔ ነው። በሽታው የሚተላለፈው ደግሞ በዚያው በምራቁ ነው። በመሆኑም ምራቋ የሚዝረበረብ፣ ጠባይዋ ድንገት የተለወጠ፣ የምትንገዳገድ ወይም ያለ ምክንያት የምትናከስ ድመት ስትገጥማችሁ ማንም ሰው በባዶ እጁ አፏን አይክፈት። ነክሳ ወይም ቧጥጣ ከሆነ፣ ወይም ምራቋ ቁስል ነክቶ ከሆነ፣ ቦታውን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። በቅጠልና በሥር መድኃኒት ቀን መቁጠር አይገባም፤ የበሽታው ምልክት በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ ግን በጊዜ ከተጀመረ ያድናል። ድመቷ በሕይወት ካለች ተዘግቶባት ለ10 ቀን ትታያለች፤ «10ሩ ቀን ይለፍና እንከተባለን» ማለት ግን አይደለም። መከተቡን የሚወስነው የጤና ባለሙያው ነው።

ልጁ በጣቱ ላይ የጥርስ ጭረት ነበረበት። እናቱ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ወስደው ክትባቱን አስጀምረውታል፤ አልሐምዱሊላህ።

አሁን ወደ ጠጉሩ እንመለስ። ድመት እጃችሁን ስትልስ ምላሷ እንደ ሞረድ ሲሻክር ተሰምቷችሁ ያውቃል። በምላሷ ላይ የተደረደሩት ጥቃቅን እሾህ መሳይ ነገሮች ጫፋቸው ወደ ጉሮሮዋ የዞረ ነው። ገላዋን ስትልስ የረገፈውን ጠጉር ያበጥሩላታል፤ የያዙትን ግን ልትተፋው አይመቻትም፣ ትውጠዋለች። ጠጉር ደግሞ ጥፍራችን ከተሠራበት ዓይነት ነገር የተሠራ ስለሆነ ሆድ አይፈጨውም። ደግነቱ አብዛኛው ከሰገራዋ ጋር ይወጣል። የቀረው በጨጓራዋ ውስጥ እየተጠቀለለ ሲከማች አንድ ቀን ታስመልሰዋለች። ሲወጣ ድቡልቡል አይደለም፤ በምግብ ቧንቧዋ ውስጥ ተጨምቆ ስለሚመጣ እንደ ጣት ረዘም ያለ፣ እርጥብ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ አረፋና ጥቂት ምግብ የተለወሰበት ነው። ጠዋት ምንጣፍ ላይ ያገኘው ሰው ብዙ ጊዜ በሌላ ነገር ይጠረጥረዋል። ቀረብ ብሎ ያየው ግን ጠጉር መሆኑን ያውቃል።

ይህ ነገር የሚበዛው ጠጉራቸው ረጃጅም በሆኑት ላይ ነው። ጅዳና ዱባይ የሚኖሩ ዘመዶቻችን የሚያሳድጓቸው የፋርስ ድመቶች የሚባሉት በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ቢያስመልሱ፣ ከዚያም ወዲያው ተነሥተው ቢበሉና ቢጫወቱ ብዙም አያስደነግጥም። በየቤታችን ያለችው ጠጉረ አጭሯ የሀገራችን ድመት ግን ሌላ ናት። እሷ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብታስመልስ ነው፤ ጭራሽ የማታስመልስም አለች። እንዲህ ያለችው ድመት በየሳምንቱ ጠጉር ካወጣች «ጠጉር ነው» ብሎ መተው ሳይሆን «ይህን ያህል ጠጉር ለምን ዋጠች?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። አንድም ገላዋን ከመጠን በላይ እየላሰች ነው፤ ቁንጫ፣ እከክ፣ ሕመም ወይም ጭንቀት አለባት ማለት ነው። አሊያም አንጀቷ ታሞ የገባውን ማስኬድ ተስኖታል።

ቁንጫውን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ድመቷን ነጭ ወረቀት ላይ አቁማችሁ ጀርባዋንና የጭራዋን ሥር በጥቅጥቅ ማበጠሪያ አበጥሩ። የሚረግፈው ጥቁር ብናኝ ላይ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጉበት። ወደ ቀይ ቡናማ ከተለወጠ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቁንጫው የመጠጠው የድመቷ ደም ነውና። አፈር ከሆነ እንደ ጥቁረቱ ይቀራል። ልጆች ይህን መሥራት ይወዳሉ፤ እኛም በክፍል ውስጥ ስናስተምር የወረቀቱ ጉዳይ ከመጽሐፉ ይልቅ እንደሚታወስ አይተናል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚያምታታው ሳልን ከማስመለስ ጋር ነው። ልታስመልስ ያለች ድመት ሆዷ እንደ ወናፍ ይሳባል፣ ይገፋል፤ በመጨረሻም አንድ ነገር ይወጣል። የምትስል ድመት ግን መሬት ላይ ዝቅ ብላ ታደፍጣለች፣ ክርኖቿን ወደ ውጭ ከፍታ አንገቷን ትዘረጋለች፣ ፉጨት የሚመስል ድምፅ ታሰማለች፤ ምንም አይወጣም፤ ሲያበቃ ምራቋን ውጣ ትነሣለች። ድመትም እንደ ሰው አስም ይይዛታል። የከሰል ጭስና ዕጣን በማይለይበት ቤት፣ በረከቦቱ ሥር ተጠቅልላ ለምትውል ድመት ይህ የሚታሰብ ነው። አንዱ መለኪያ ትንፋሿን መቁጠር ነው። ተኝታ ሳለ ደረቷ አንዴ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ብላችሁ ለ1 ደቂቃ ቁጠሩ። ከ30 በታች ከሆነ ደህና ነው። በተደጋጋሚ ከ40 የሚበልጥ ከሆነ ሐኪም ያስፈልጋታል። አፏን ከፍታ እንደ ውሻ የምታለከልክ ድመት ካያችሁ ግን ለነገ አይባልም።

የደሴዋን ድመት ሁኔታ በስልክ ቀርጸው ላኩልን፤ እኛም ለምናውቀው አንድ የእንስሳት ሐኪም አሳየነው። «ይህ ጠጉር አይመስለኝም፤ በእጅ የሚመረምራት ሰው ይያት፤ ጓንት ያድርግ» አለን። በአካባቢው ያገኙት ባለሙያ ድመቷን በመድኃኒት አደንዝዞ አፏን ሲከፍት ከምላሷ ሥር የተጠመጠመ ቀጭን ክር አገኘ። እናትየው ቤት ውስጥ ልብስ ይሰፋሉ።

ክር ለድመት ምን ያህል ክፉ እንደሆነ ሳናብራራ ማለፍ አንፈልግም። አንዱ ጫፉ ምላስ ሥር ተይዞ ሌላው ወደ አንጀት ሲወርድ አንጀቱ ክሩን ወደፊት ለመግፋት ይታገላል። ክሩ ግን የታሰረ ስለሆነ አይሄድም። ስለዚህ አንጀቱ እንደ ሱሪ ጨርቅ በመቀነቱ ላይ ይሸበሸባል፤ ክሩም እንደ ሽቦ እየሰረሰረ ሊበሳው ይችላል። ልጁ ክሩን አግኝቶ ቢጎትተው ኖሮ ያንን አንጀት ይቆርጠው ነበር። ክር ከድመት አፍም ሆነ ከመቀመጫዋ ወጥቶ ብታዩት በፍጹም አትሳቡት። እንደዚያው ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። የደሴዋ ዕድለኛ ናት፤ ባለሙያው ክሩን ከምላሷ ሥር ቆርጦ አላቆ 3 ቀን በዓይኑ ሥር አቆያት፣ ቀሪው በሰገራዋ ወጣ። ብዙዎቹ ግን ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። በቤት ውስጥ መርፌ የተሰካበት ክር፣ የስጦታ ጥብጣብ፣ ሥጋ የታሰረበት ሲባጎ፣ የዒድ ሰሞን ጓሮ የሚወረወር ጅማትና ስንጥር አጥንት ሁሉ ክዳን ባለው ነገር ውስጥ ይቀመጥ።

ታዲያ መቼ ነው ድመትን ተሸክሞ መሮጥ የሚያስፈልገው? ደጋግማ ለማስመለስ ስትታገል ቆይታ ምንም ካልወጣት፤ በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ካስመለሰች፤ ትውከቷ ደም ወይም የቡና አተላ የሚመስል ነገር ካለበት፤ ሆዷ ተነፍቶ ሲነኩት የምትጮህ ከሆነ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሰገራ ካልወጣት፤ አልጋ ሥር ገብታ መውጣት እንቢ ካለች። የድዷን ቀለም እዩ፤ ጤነኛው ሮዝ ነው፤ ነጭ፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ሆኖ መገኘቱ ከባድ ምልክት ነው። በትከሻዋ መካከል ያለውን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ልቀቁት፤ ወዲያው ወደ ቦታው ካልተመለሰ ሰውነቷ ፈሳሽ አንሶታል። ግልገሎች ላይ ደግሞ ጊዜው በቀን ሳይሆን በሰዓት ይቆጠራል።

ምግብ ማቆሟን «ጾማ ነው» ብለን እንቀልዳለን። ቀልዱ ለድመት አይሆንም። ድመት፣ በተለይም ወፍራም ድመት፣ ለሁለትና ሦስት ቀን ካልበላች ሰውነቷ ስቡን እያቀለጠ ወደ ጉበቷ ይልካል፤ ጉበቷም በስብ ተሞልቶ ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ አንድ ቀን ሙሉ ምንም ያልቀመሰች ድመት ምክንያቷ ባይታወቅ እንኳ ለሐኪም የምትታይ ናት።

ወንድ ድመት ያላችሁ ይህችን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቧት። አሸዋው ላይ ደጋግሞ እየተቀመጠ የሚያምጥ፣ የሚጮህ፣ ታችኛውን ገላውን የሚልስ ወንድ ድመት ስታዩ ሁሉም ሰው «ሆዱ ደርቆ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የሽንት ቧንቧው ተደፍኖ ነው። የወንዱ ቧንቧ ጠባብ ስለሆነ በጥቃቅን ጠጠርና ንፍጥ ይዘጋል። ሽንቱ ወደ ኋላ ሲጠራቀም ኩላሊቱ ይታወካል፣ በደሙ የሚከማቸው ፖታሲየም ልቡን ያቆመዋል፤ ይህም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው ድመት ሊያስመልስም ይችላልና ነገሩ ከጠጉር ጋር ይምታታል። አሸዋው እርጥብ መሆን አለመሆኑን ማየት ብቻ ነፍስ ያተርፋል። ያረጀች ድመት ደግሞ ውኃ አብዝታ እየጠጣች ብትከሳ፣ የኩላሊት፣ የስኳር ወይም የእንቅርት ዕጢ ሕመም ሊሆን ስለሚችል «እርጅና ነው» ብሎ መደምደም ልክ አይደለም።

የቤት መድኃኒትን በተመለከተ ከሁሉ በፊት ዘይት በግድ መጋት ይቅር። ዘይት ጣዕሙ ለስላሳ ስለሆነ በተሳሳተ መንገድ ወደ ሳንባ ሲወርድ እንኳ አያስላትም፤ ሳንባዋን ያቆስላል። የቀለጠ ቅቤም እንዲሁ። ፓራሲታሞል ደግሞ ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። የሰው ጉበት ይህን መድኃኒት የሚያከሽፍበት መንገድ በድመት ጉበት ውስጥ እጅግ ደካማ ነው። አንድ ፍሬ ክኒን ድመትን ሊገድል ይችላል፤ ድዷ ይጠቁራል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣል። አይቡፕሮፌንና አስፒሪንም በእጃችሁ የሚሰጡ አይደሉም። ለትኋንና ለበረሮ የምንረጨው ማላታዮን፣ ለውሻ ቁንጫ የሚሸጠው ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ለድመት መርዝ ነው። የአይጥ መርዝም እንዲሁ፤ የተመረዘውን አይጥ የበላች ድመት አብራ ትታመማለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

ሽንኩርት ጉዳይም አለ። በኛ ቤት ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ለድመቷ የምናፈስላት ደግሞ ያንኑ የተረፈ ወጥ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ለእሷ የሚሆነውን ሥጋ ሽንኩርት ሳይነካው ቀቅሎ መለየት ምንም ወጪ የለውም። ወተትም ለብዙ አዋቂ ድመቶች ተቅማጥ ያመጣል፤ የሚያስፈልጋት ንጹሕ ውኃ ነው።

ጠጉሩን ለመቀነስ ዋናው ነገር ማበጠሪያ ነው። ጠጉረ አጭሯን በሳምንት ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ፣ ጠጉረ ረጅሟን በየቀኑ ካበጠራችኋት በማበጠሪያው ላይ የቀረው ሁሉ ሆዷ ያልገባ ነው። ማበጠሪያ ካልተገኘ እጅን በውኃ አርሶ ከራስ ወደ ጭራ መዳበስ ይበቃል። አንዳንድ ሐኪሞች ጨውና ቅመም የሌለበት የተቀቀለ ዱባ ጥቂት ከምግቧ ጋር እንዲቀላቀል ይመክራሉ። የትል መድኃኒቷን በሐኪም ትእዛዝ በየጊዜው ስጧት፤ እንደ ፓስታ የተጠቀለለ ነጭ ነገር ካስመለሰች ጠጉር ሳይሆን ትል ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷም አይዘለል። በቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች አሸዋውን ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳው፤ በሰገራዋ የሚወጣው የቶክሶፕላዝማ ዘር ሰውን ለመያዝ የሚበቃው ከአንድ ቀን በኋላ ነውና በየዕለቱ መጽዳቱ ራሱ መከላከያ ነው።

የነጃሳን ጉዳይ ብዙዎች ይጠይቁናል። አቡ ቀታዳህ የዉዱእ ውኃቸውን ድመት ልትጠጣ ስትመጣ ዕቃውን አዘንብለውላት እስክትጠጣ መቆማቸውን፣ የልጃቸው ሚስት ከብሻህ በመገረም ሲመለከቷቸውም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ድመት ነጃሳ አለመሆኗን፣ በዙሪያችን ከሚመላለሱት መካከል መሆኗን መናገራቸውን እንደነገሯቸው አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ስለዚህ የነካችው ውኃ አይደፋም። ትውከቷ ግን ሌላ ነው፤ አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት ትውከትን ከነጃሳ ይቆጥሩታል። መስገጃ ላይ ካስመለሰች ነገሩን አንሥቶ ቦታውን በውኃ ማጠብ ነው። በነገራችን ላይ ድመቷ እንዳትነቃ ብለው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የልብሳቸውን እጅጌ ቆረጡ የሚባለው ታሪክ በልጆች ዘንድ የተወደደ ቢሆንም ሰነዱ የታወቀ ዘገባ አይደለም። ድመትን ለመውደድ ያ አያስፈልገንም።

መጣሉን በተመለከተ፣ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን፣ ድመት አስራ ሳታበላት፣ ከምድር ነፍሳትም እንድትበላ ሳትለቃት በረሃብ እስክትሞት ስላቆየቻትና በዚህም ስለተቀጣችው ሴት ያልሰማ የለም። «እኛ እኮ አላሰርናትም፣ ለቀቅናት» የሚል ይኖራል። ምላሷ በክር የታሰረን ድመት በማታውቀው ወንዝ ማዶ መልቀቅ አድና እንድትበላ መልቀቅ ነውን? እኛ በዚህ ላይ ፈትዋ አንሰጥም፤ ለአካባቢያችሁ ዑለማ አቅርቡት። ለእኚህ እናት የነገርናቸው ግን ድመቷን ማቆየት የማይችሉ ከሆነ እንኳ አሳክመው፣ ለሚያሳድጋት ሰው በእጅ እንዲሰጡ ነው። አያትየውን ግን አንወቅሳቸውም። ፍርሃታቸው ለልጆቹ ነበር፣ በበሽታው ነገር ደግሞ ከጎረቤት ይልቅ እሳቸው ወደ እውነቱ ቀርበው ነበር።

በየወረዳው ያሉት የእንስሳት ጤና ክሊኒኮች በአብዛኛው ለከብት የተቋቋሙ ቢሆኑም ድመት ይዛችሁ ብትሄዱ ነውር የለበትም። በቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ጎንደር፣ ጅማና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎችም በዚሁ ሙያ ያስተምራሉ። ስትሄዱ ድመቷን በእቅፍ አትውሰዷት፤ መተንፈሻ በተበሳ ካርቶን ውስጥ የለመደችውን ጨርቅ አንጥፋችሁ ክደኑት፣ በሲባጎም እሰሩት። ያስመለሰችው ነገር ካለ በላስቲክ ቋጥራችሁ ያዙ። ስትታገል በስልክ ብትቀርጿት ሐኪሙን በእጅጉ ይረዳዋል፤ ብዙ ድመት ክሊኒክ ስትደርስ ምንም እንዳልሆነ ሰው ዝም ትላለችና። መጨረሻ የበላችው መቼ እንደሆነ፣ የሸናችው መቼ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ምን መርዝ እንደተረጨ፣ የጎደለ ክር ወይም መርፌ እንዳለ አስታውሳችሁ ሂዱ።

በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ ከሐረር ስለ ርግብ ቤት የተጻፈልንን ጥያቄ እናያለን።